የኮሞሮስ ንቦች

ኮሞሮስን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። እንኳን ኮሞሮስን፣ ባሕርንም አላየሁም። እንዲያም ሆኖ የዚያች ትንሽ የደሴት አገር ስም በሬዲዮ ከተነሳ ብድግ ብዬ እዘጋዋለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን ይስቅብኝ ነበር፤ ነገሩን ካጫወትኩት በኋላ ግን እሱ ራሱ ይዘጋልኝ ጀመር። ለእናንተም ልንገራችሁና ፍረዱኝ። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ባሉት አራት ቀናት ውስጥ የሆነ ነገር ነው።

ያኔ ቦንጋ ከተማ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህርት ነበርኩ። ትውልዴ ማንኪራ ነው። አባቴ ከጫካው ቡና ይለቅማል፣ ትልልቅ ዛፎች ላይ ቀፎ ይሰቅላል። ከስድስት ልጆች ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ አላገባሁም፣ የምመኘውም አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሁለተኛ ዲግሪዬን መማር። በመምህር ደመወዝ ራሴን ማስተማር የማይታሰብ ስለነበር ተስፋዬ ሁሉ መሥሪያ ቤታችን በየጥቂት ዓመቱ ለአንድ መምህር በሚሰጠው የትምህርት ዕድል ላይ ነበር።

አሁን ታደለችን ላስተዋውቃችሁ። ታዴ ትውልዷ ደካ ነው፤ የሥነ ዜጋ መምህርት ነበረች። አራት ዓመት አንዲት ክፍል ተከራይተን አብረን ኖረናል። ዝናብ በማያባራበት ከተማ ለሁለት አንድ ጃንጥላ ነበረን። ታይፎይድ የያዘኝ ጊዜ ማስተማሯን ትታ አልጋዬ ሥር የተቀመጠችው እሷ ናት። እህቶቼ የማያውቁትን ምስጢር ታዴ ታውቀዋለች።

ከዚያ በፊት በነበረው ዙር ዕድሉ ሲመጣ እኔና ታዴ በነጥብ እኩል ሆንን። ርዕሰ መምህራችን «እናንተው ተስማሙና ንገሩኝ» ብለው ተገላገሉ። ያን ቀን «እንደ ዳዶ እናድርገው» ያለችው ታዴ ናት። ካፋ ውስጥ ዳዶ የምንለው ጎረቤታሞች ተሰባስበው ዛሬ ያንዱን ማሳ፣ ነገ የሌላውን በተራ የሚሠሩበት ልማድ ነው። የሚፈርም የለም፣ የሚመዘግብ የለም። ቀድሞ የተሠራለት ሰው የሌላው ቀን ሲደርስ መሣሪያውን ይዞ ይመጣል፣ በቃ። እናቷ ታመው ስለነበር፣ ተምራ ደመወዟ ሲጨምር ታሳክማቸው ብዬ እሷ ትቅደም አልኩ። እሷ ስትማር ሁለት ዓመት ሙሉ የሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜዎቿን በራሴ ላይ ደርቤ አስተማርኩላት። የሚቀጥለው ዕድል የእኔ ነው፤ ይህን ለማስፈረም ያሰበ አልነበረም። ሰው ከዳዶ ጓደኛው ፊርማ ከጠየቀ ሰደበው ማለት ነው።

ታዴ ተምራ ስትመለስ ስሙን የማልጠራው ያው መሥሪያ ቤት ኤክስፐርት አድርጎ ወሰዳት። እኔ ከማንም በላይ ደስ አለኝ። ውስጥ ሰው አለኝ ብዬ ነዋ።

እንግዲህ ማክሰኞ ዕለት ዕድሉ መምጣቱ ተነገረ። ነገር ግን አዲስ መመሪያ ወጥቶ ኖሮ በውድድር ሆነ። ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ነን፤ እኔና ከቢታ ገነት የመጣ ሳምሶን የሚባል መምህር። ዓርብ ጠዋት ኮሚቴ ፊት ቀርበን «የአንዲት ትንሽ የደሴት አገር ፖለቲካ፣ ሕዝብና ኢኮኖሚ» በሚል ርዕስ የናሙና ትምህርት መስጠት አለብን። አገሪቱን የምንመርጠው ራሳችን ነን። አንዳችን ስናስተምር ሌላችን እንደ ተማሪ ተቀምጠን እናዳምጣለን። የኮሚቴው ጸሐፊ ታደለች ናት።

ምሳ ሰዓት ላይ ቤት ድረስ መጣች። እኔ ተከፍቼ ነበር። ውድድር የሚባለው ነገር ከየት መጣ፣ ተራው የእኔ አልነበረም ወይ አልኳት። ትከሻዬን አቅፋ «ተራሽ ነው እንጂ። ውድድሩ ለይስሙላ ነው፣ ዓለም፤ አንቺ ብቻ ቆንጆ አድርገሽ ተዘጋጂ» አለችኝ። ስሜ ዓለሚቱ ነው፤ ዓለም የምትለኝ እሷ ብቻ ናት።

ኮሞሮስን የመረጥኩት ስለ ፖለቲካዋ ሳነብ ስለገረመኝ ነው። አገሪቱ ሦስት ደሴት ናት፤ አራተኛዋ እህታቸው ከፈረንሳይ ጋር ቀርታለች። ነፃ ከወጡ በኋላ መፈንቅለ መንግሥት በመፈንቅለ መንግሥት ላይ ሲደራረብባቸው፣ ደሴቶቹም እንገንጠል ሲሉ፣ በመጨረሻ አንድ ነገር ተስማሙ። ፕሬዚዳንትነቱ በተራ ይሁን፤ ዘንድሮ ከዚህች ደሴት፣ ቀጥሎ ከዚያችኛዋ። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ሕንድ ውቅያኖስ መሐል ዳዶ አገኘሁ ማለት ነው። ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ግን ሳቄ ቆመ። ሕጉ ተሻሻለና ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ተራውን ሳይለቅ መቆየት ቻለ፤ ተረኛ ነን ያሉት ደግሞ ቅር አላቸው። በማስታወሻዬ ላይ «ዳዶ የሚፈርሰው ቀድሞ የተሠራለት ሰው ሲቀር ነው» ብዬ ጻፍኩ። የጻፍኩት ስለ ኮሞሮስ ነበር፤ ስለ ሌላ ሰው አላሰብኩም።

ሕዝቡንም ወደድኩት። አፍሪካዊው፣ ዓረቡና የማዳጋስካሩ ተቀላቅሎ የፈጠረው ሕዝብ ነው፤ ሙስሊም ነው። አንድ ወንድ በሰፈሩ ከሽማግሌ የሚቆጠረው መንደሩን ሁሉ ያበላ ትልቅ ሠርግ ከደገሰ በኋላ ነው፤ ለዚያ ድግስ ብሎ ዕድሜ ልኩን ባሕር ማዶ የሚሠራ አለ። ኢኮኖሚው ላይ ስደርስ ከቤቴ የገባሁ መሰለኝ። ቅርንፉድ፣ ከዛፍ አበባ የሚወጣ የሽቶ ዘይትና ቫኒላ ይሸጣሉ። ከሁሉም ቫኒላው ደስ አለኝና ከራሴ ጨምሬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «የኮሞሮስን ቫኒላ ፍሬ የሚያስይዙት ንቦች ናቸው፤ ስለዚህ የኮሞሮስና የማንኪራ ገበሬ ሁለቱም የሚያድሩት በንብ ጉልበት ነው።» አላጣራሁትም። ቀፎ ሥር ያደገ ሰው ንብ የማይጎበኘው አበባ መኖሩ በየት በኩል ይታየዋል?

ረቡዕ ከሰዓት አራት ገጽ በእጄ ጽፌ ጨረስኩ። ትምህርት ቤት መብራት ከጠፋ ሁለት ቀኑ ነበር። ታዴ መጥታ ቆማ አነበበችው። ዳዶ ያልኩበት ቦታ ላይ ፈገግ ብላ ይሄን እንዳታወጪው አለችኝ። ከዚያ ቢሮ ወስዳ በኮምፒውተር ልትጽፍልኝ፣ አትማም ሐሙስ ልታመጣልኝ ተስማማን። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ፎቶ ኮፒ ላንሣው የሚል ሐሳብ በደጄም አላለፈም።

ሐሙስ ወረቀቱ አልመጣም። ደውዬላት የማተሚያው ቀለም አልቆ ነው፣ ጠዋት ይደርስልሻል አለች። እኔም ነገሩ በጭንቅላቴ ስላለ አልተጨነቅሁም፤ ትልቅ ወረቀትና ማርከር ልገዛ ገበያው አጠገብ ወዳለው የጋሽ ኑሩ ሱቅ ወረድኩ። ጋሽ ኑሩ ከስልጤ መጥተው ቦንጋ ላይ የከበዱ ነጋዴ ናቸው፤ ኮረሪማና ማርም ይገዛሉ። ምን ልታደርጊበት ነው ሲሉኝ ጉራዬን ለመንዛት ያህል ሁሉንም ነገርኳቸው። ንቦቹ ጋ ስደርስ በሳቅ ፈረሱ።

«ልጄ፣ ቫኒላ ንብ አይጠብቅም» አሉኝ። «ቴፒ ያለ አንድ ወዳጄ ተክሎ አይቼዋለሁ። አበባው የሚከፈተው አንድ ጠዋት ነው። የዚያኑ ዕለት ሰው የአበባውን ወንዴና ሴቴ በስንጥር ካላገናኘው ይረግፋል። እያንዳንዱን አበባ፣ በእጅ።»

ስልኬን አውጥቼ እዚያው ቆሜ ፈለግሁ፤ እውነታቸውን ነው። የቫኒላ አገር ሌላ ነው፣ ወደ ደሴቶቹ ሲመጣ የለመደው ንብ አብሮት አልመጣም። በኮሞሮስ አበባ ለአበባ እየዞሩ የሚያገናኙት ሰዎች ናቸው። በራሴ ሳቅሁ፣ ጋሽ ኑሩን አመሰገንኩ፣ በአዲሱ ወረቀት ላይ አስተካክዬ ጻፍኩት። ታዴም የምትጽፈውን እንድታርም ሦስት ጊዜ ደወልኩላት። አላነሳችም። ሥራ በዝቶባት ነው አልኩ።

ዓርብ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ አምስት የኮሚቴ አባላት ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ ጡረታቸው የደረሰ፣ ሰው የሚያከብራቸው ትልቅ ሰው። ታዴ ጥግ ላይ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች፤ ጥቁር ቦርሳዋ እግሯ ሥር ነው። የታተመውን ወረቀት ትሰጠኛለች ብዬ ወደ እሷ ስራመድ ጋሽ ደምሴ ቦታ ቦታችሁን ያዙ አሉ። ዕጣ ወጣና ሳምሶን ቀደመ።

ረጅም፣ ቀይ፣ ልብሱ የተተኮሰ ሰው ነው። ጉሮሮውን ጠረገና «ዛሬ የምንማረው ስለ ኮሞሮስ ነው» ሲል ደነገጥኩ፤ ግን አንድን አገር ሁለት ሰው ሊመርጠው ይችላል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ቀጥሎ የመጣው ዓረፍተ ነገር የእኔ ነበር። ከዚያ ቀጥሎ ያለውም። አራተኛዋን ደሴት «እህታቸው» አላት። ሠርጉን እኔ በጻፍኩበት ቅደም ተከተል አወራው። ትውልዱ ከካፋ ውጭ የሆነው ሰውዬ «ይህን በእኛ በካፋ ዳዶ እንለዋለን» ሲል አንዱ የኮሚቴ አባል ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀ። እንግዲህ የማንኪራ ገበሬ ብቻ ነው የቀረው ብዬ ስጠብቅ እሱም መጣ፤ የኮሞሮስና የማንኪራ ገበሬ ሁለቱም የሚያድሩት በንብ ጉልበት ነው አለ። ስህተቴን እንኳ አልተወልኝም።

ታዴን አየኋት። አቀርቅራ ትጽፋለች። ሃያውን ደቂቃ ሙሉ ቀና አላለችም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አለቀስኩ እንዳልላችሁ እንባውም አልመጣም።

ተራዬ ደረሰ። ምን እንደምል ሳላውቅ ተነሳሁ፤ ሌላ የማውቀው አገር ስለሌለ ያንኑ አስተማርኩ። ኮሚቴው እርስ በርሱ ይተያይ ነበር፤ እኔ ከሳምሶን የቀዳሁ ነው የሚመስለው። ቫኒላው ላይ ስደርስ ንብ አለመሆኑን፣ የሰው እጅ መሆኑን፣ አበባው የሚከፈተው አንድ ጠዋት ብቻ መሆኑን ተናገርኩ። ራሱን ሲነቀንቅ የነበረው ሰውዬ ከእናንተ ማናችሁ ናችሁ ትክክል፣ እሱ ንብ ነው አለ፣ አንቺ እጅ ነው ትያለሽ አለኝ።

«ንብ ነው የሚለው የእኔ ስህተት ነው» አልኩ። «ረቡዕ ዕለት የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሱ ያነበበው የእኔን ወረቀት ነው።»

ሳምሶን ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አውልቀው ይህ ከባድ ነገር ነው፣ ማስረጃ አለሽ ወይ፣ ወረቀቱ የት ነው ብለው ጠየቁኝ።

«ታደለች ጋ ነው» አልኩ።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ታዴ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ዓይን ዓይኔን አየችኝ፤ በታመምኩ ጊዜ ታየኝ በነበረበት ዓይን፣ በሐዘኔታ።

«ምንም ወረቀት አልተቀበልኩም» አለች። «ዓለሚቱ ሰሞኑን ብዙ ደክማለች፣ ጋሽ ደምሴ። እባካችሁ አትፍረዱባት።»

ዓለሚቱ አለችኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ኮሚቴው ይወያያል ተብለን እኔና ሳምሶን ወጣን። ሳምሶን ወደ በሩ ሄዶ ስልኩን መነካካት ጀመረ። እኔ በረንዳው ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ዝናቡ ይወርዳል። ጸሐፊዋ ድምፅ ስለማትሰጥ ትንሽ ቆይታ ታዴም ወጣች፣ መጥታም አጠገቤ ቆመች።

«ሳምሶን ምንሽ ነው?» አልኳት።

«እጮኛዬ ነው» አለች። «ልነግርሽ ነበር።»

እኔ አባቴ ያስነጠሰውን ሳይቀር የምነግራት ሰው እጮኛ አላት፣ እኔ አላውቅም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታስረዳኝ ጀመር። ቢታ ገነት መኖር ሰልችቶታል፣ ይህን ዕድል ካላገኘ አካባቢውን ጥሎ እንደሚሄድ ነግሯታል፣ እሷም ጥሏት እንዳይቀር ፈርታለች። ወረቀቱን የሰጠችው ዓይቶ የራሱን እንዲጽፍ ነው፤ ቃል በቃል ይሸመድደዋል ብላ አላሰበችም። ያም ሆኖ የማሸንፈው እኔ እንደምሆን እርግጠኛ ነበረች። ዝም ብዬ አስተምሬ ብቀመጥ ኖሮ ነገሩ በሰላም ያልቅ ነበር።

«በሰው ፊት ጠየቅሽኝ» አለች። «ምን ልበል? ሥራዬን ልጣ?»

«ተራዬ ነበር፣ ታዴ።»

«አውቃለሁ» አለች።

ብትክድ ይሻለኝ ነበር። ረስቼው ነው ብትል፣ ተራ የሚባል ነገር አልነበረም ብትል እሰድባታለሁ፣ እጮህባታለሁ። ታውቃለች። እያወቀች ነው ሁሉንም ያደረገችው።

ወረቀቶቼን መልሺልኝ አልኳት። ጥላዋለች ወይም ቤቷ ነው ትለኛለች ብዬ ነበር። ትከሻዋ ላይ ያንጠለጠለችውን ጥቁር ቦርሳ ከፍታ አራቱን ገጾች አወጣች። «ምንም ወረቀት አልተቀበልኩም» ስትል እግሯ ሥር ነበሩ። ገለጥኳቸው። የእጅ ጽሑፌ ነው፤ በየጠርዙ ደግሞ በእርሳስ፣ በእሷ እጅ ጽሑፍ «ይህን በደንብ ያዘው»፣ «እዚህ ጋ ረጋ በል» እያለች ማስታወሻ ጽፋለታለች። ከዚህ በላይ ማስረጃ ከሰማይ አይወርድም።

«ከፈለግሽ ግቢና አሳያቸው» አለች ታዴ። ድምፅዋ ተሰበረ። «እንጀራዬ እጅሽ ላይ ነው።»

በሩ አሥር እርምጃ አይርቅም። የጋሽ ደምሴ ድምፅ ከውስጥ ይሰማኛል፤ ስሜን ይጠራሉ። ወረቀቱ በእጄ ነው። ትገባለች እያላችሁ እንደሆነ ይገባኛል። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ እንደዚያው እጠብቃለሁ። አልገባሁም። እዚያ ሰዎች ፊት ወረቀቱን ስዘረጋ፣ የእርሳሱ ጽሑፍ ሲነበብ፣ የታዴ ፊት ሲቀላ ታየኝ። ሰው ጓደኛዋን ከሥራ አስባረረች ይለኛል የሚለው፣ አብረን የበላነው፣ አልጋዬ ሥር የተቀመጠችው ሁሉ መጣብኝ። ወረቀቱን ሹራቤ ውስጥ ከትቼ በዝናብ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁ። ጃንጥላዬን እንኳ አዳራሹ ውስጥ ጥዬው ነው የሄድኩት።

ሰኞ ዕለት ዕድሉ ለሳምሶን መሰጠቱ ተለጠፈ። ረቡዕ ደግሞ ለእኔ ደብዳቤ መጣ፤ ያለ ማስረጃ የባልደረባን ስም በማጥፋት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ማስረጃው ፍራሼ ሥር ተኝቶ ማስጠንቀቂያውን ፈርሜ ተቀበልኩ። ከፊርማው በታች ቀኑን ስጽፍ ነው እንግዲህ ያ አምስት ቀን ሲጠፋብኝ የነበረው እንባ የመጣው።

በሳምንቱ ወረቀቶቹን ይዤ ጋሽ ደምሴ ቢሮ ገባሁ። አንድ በአንድ አነበቧቸው። የእርሳሱን ጽሑፍ ከቃለ ጉባኤው የእጅ ጽሑፍ ጋር አስተያዩት።

«ይሄ መቼ ነው እጅሽ የገባው?» አሉኝ።

«የዚያኑ ዕለት። እናንተ ውስጥ ሳላችሁ፣ በረንዳው ላይ።»

«ውስጥ እኮ አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራክረናል» አሉ። «ሁለት ሰው ላንቺ ቆሞልሻል። እኔ መሐል ላይ ነበርኩ፤ አንድ ነገር ብቻ ነበር የፈለግሁት።» ወረቀቶቹን አጥፈው መለሱልኝ። ስሙ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተልኳል፣ ፋይሉ ተዘግቷል፣ ማስጠንቀቂያውን ግን አስነሣልሻለሁ አሉ። አስነሡልኝም። ልወጣ ስል ጠሩኝ። «ለምን አልገባሽም፣ ልጄ?»

«አፈርኩ» አልኳቸው።

«ለማን?»

ወረቀቶቹን ይዤ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። ሳምሶን ተማረ፣ ታዴን አገባት፣ ልጆች ወልደዋል። እኔ ከዓመታት በኋላ በሌላ መንገድ ተምሬያለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌን ግን ለአንድም ሰው ሳላሳይ ነው ያስገባሁት። ፈታኙ ከፊተኛው ገጽ ስህተት አውጥቶ ይህን ማንም ጓደኛሽ ያይልሽ ነበር ሲለኝ፣ የሚያይልኝ የለም አልኩት። በፊት አንድ ሐሳብ ሲመጣልኝ ለሰው ለመንገር የምሮጥ ሴት ነበርኩ። አሁን ባለቤቴም የምጽፈውን የሚያየው ካለቀ በኋላ ነው። ሰው የተቀማሁትን ሲያስብ የትምህርት ዕድሉን ያስባል፤ እኔን የሚቆጨኝ ያቺ ሯጭ ሴት ናት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ከመካከላችሁ አንዱ አሁን ወረቀቱን ይዞ በረንዳ ላይ የቆመ ይኖር ይሆናል። ምክር ልሰጣችሁ አልችልም፤ እኔ ራሴ አልገባሁም። ግን ጋሽ ደምሴ የጠየቁኝን፣ «ለማን?» የሚለውን ጥያቄ እዚያው በሩ ላይ ሳላችሁ ራሳችሁን ጠይቁት፤ እኔ መልሱን ያገኘሁት በጣም ዘግይቼ፣ አንድ ቀን ከታዴ ጋር ገበያ ላይ ፊት ለፊት ስንገናኝ ነው። ፈገግ ብላ «ዓለም፣ ጠፋሽ እኮ» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ፣ ስለ ልጆቿ አወራችኝ፣ ቲማቲም መርጣ ሄደች። ቆሜ ከኋላዋ አየኋት። ታዴ ያን ዕለትም አላፈረችም ነበር። እኔ ነኝ ያፈርኩላት።